አውሎ ነፋሱ ካለፈ በኋላ፦ ከኢንሹራንስ ኩባንያ ጋር በአስማሚ ፊት መነጋገር

አውሎ ነፋሱ አልፏል። ጣሪያው ላይ ሰማያዊ ሸራ ተወጥሯል። የሳሎኑ ኮርኒስ አብጦ ጠርዙ ላይ ቡናማ ቀለበት ሠርቷል። ምንጣፉ ተጠቅልሎ ውጭ ወጥቷል፤ ሽታው ግን ቤት ውስጥ ቀርቷል። በዚህ መሀል ከኢንሹራንስ ኩባንያው ፖስታ ይመጣል። ቤቱን የሚያድሰው ኮንትራክተር 41,000 ዶላር ጠይቋል። ፖስታው ውስጥ ያለው ቼክ 3,500 ዶላር ነው።

እዚህ ላይ አብዛኛው ሰው ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ ተስፋ ቆርጦ ቼኩን ይመነዝራል፤ ወይ «በፍርድ ቤት እንገናኝ» ይላል። በሁለቱ መሀል ሌላ መንገድ አለ። ማስማማት ይባላል። ስለዚህ መንገድ ብዙ ሰው የሚሰማው ዘግይቶ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ከናካቴው አይሰማም። ይህ ያሳስበኛል። ምክንያቱም በብዙ ቦታ ለቤቱ ባለቤት ዋጋው ትንሽ ወይም ነፃ የሆነ መብት ነው።

ከመጀመሪያው አንድ ነገር ልበል። እዚያ ጠረጴዛ ላይ የሚጠቅመው ንግግር ማወቅ አይደለም። የሚጠቅመው ሁለቱን ቁጥሮች፣ 41,000ን እና 3,500ን፣ አስቀድሞ ፈታትቶ ማየት ነው። ልዩነቱ አንድ ትልቅ ጠብ ይመስላል። ሲፈታ ግን አራት አምስት ትናንሽ ጥያቄዎች ሆኖ ይገኛል። ግማሾቹ በአንድ ደረሰኝ ወይም በአንድ ፎቶ ያልቃሉ።

አስማሚው ማን ነው?

አስማሚ በኩባንያውና በባለቤቱ መካከል የሚገባ ገለልተኛ ሰው ነው። አይፈርድም። ይህን ያህል ክፈል ብሎ ማዘዝም አይችልም። ሥራው ሁለቱ ወገኖች የሚለያዩበትን ነጥብ ለይተው እንዲያዩና ከተቻለ በአንድ ቁጥር እንዲስማሙ መርዳት ነው። ካልተስማሙ ሁሉም እንደነበረ ይቀራል። ባለቤቱ ወደ ፍርድ ቤት የመሄድ መብቱ በዚህ ምክንያት አይቀርበትም።

ይህን ስንሰማ ብዙዎቻችን «ሽምግልና ነዋ!» እንላለን። ይመሳሰላል፤ ግን አንድ አይደለም። ሽማግሌ «ለእኔ ስትሉ በዚህ ይለቅ» ሲል ቃሉ ይከብዳል፤ እምቢ ማለት ያስቸግራል። አስማሚ ፊት ግን እምቢ ማለት ምንም ነውር የለውም። የማያዋጣችሁን ቁጥር ለመቀበል ማንም አያስገድዳችሁም።

ከግልግል ዳኝነት ጋርም እንዳይምታታባችሁ። ገላጋይ ዳኛ እንደ ዳኛ ይወስናል፤ ውሳኔውም አብዛኛውን ጊዜ ያስራል። ስለዚህ ከኩባንያው የሚመጣ ወረቀት ላይ የትኛው እንደተጻፈ አስተውላችሁ አንብቡ። ልዩነቱ የአንድ ቃል ቢመስልም ውጤቱ ሌላ ነው።

ይህ አሠራር ከየት መጣ?

አሠራሩ በብዛት የዳበረው አሜሪካ ውስጥ ነው፤ ያመጡትም ትልልቅ አውሎ ነፋሶች ናቸው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ኦገስት 24 ቀን 1992 አንድሩ የተባለው አውሎ ነፋስ ከማያሚ በስተደቡብ ያለውን አካባቢ መታ። ሆምስቴድ የተባለችውን ከተማ እንዳልነበረች አደረጋት። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የካሳ ጥያቄዎች በአንድ ጊዜ ጎረፉ። በርካታ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ከሰሩ። ያን ሁሉ ክርክር ፍርድ ቤቶች ሊሸከሙት እንደማይችሉ ግልጽ ነበር። ፍሎሪዳ በ1993 የንብረት ኢንሹራንስ ክርክሮችን በማስማማት ለመጨረስ የሚያስችል ድንጋጌ በሕጓ ውስጥ አስገባች። ድንጋጌው ዛሬም ይሠራል።

በ2005 ካትሪና ሉዊዚያናንና ሚሲሲፒን ሲመታ ሁለቱም ክፍለ ግዛቶች የራሳቸውን የማስማማት ፕሮግራም ከፈቱ። በ2012 ሳንዲ ሲመጣ ኒው ዮርክና ኒው ጀርሲ እንዲሁ አደረጉ። ዝርዝሩ ከቦታ ቦታ ይለያያል። አንዳንዱ ቋሚ ነው፤ አንዳንዱ ለአንድ አደጋ ብቻ ተከፍቶ ይዘጋል። እኔ እዚህ ፍሎሪዳን ደጋግሜ እጠቅሳለሁ፤ ረጅም ዕድሜ ያለውና ደንቡ ጥርት ብሎ የተጻፈው እዚያ ስለሆነ። ሌላ ቦታ ያላችሁ የአካባቢያችሁን የኢንሹራንስ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ጠይቁ። ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፦ «ለቤት ኢንሹራንስ ክርክር የማስማማት ፕሮግራም አላችሁ ወይ?»

በፍሎሪዳ ሕግ የአስማሚውን ወጪ የሚሸፍነው ኩባንያው ነው። ኩባንያው ይህ መብት እንዳለ ለባለቤቱ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። የሚልከውም ሰው እዚያው ተስማምቶ ለመጨረስ ሥልጣን ያለው መሆን አለበት። ይህ የመጨረሻው ትልቅ ነገር ነው። ከኢንሹራንስ ጋር በስልክ የተመላለሰ ሰው ያውቀዋል፤ «አለቃዬን ልጠይቅ» እየተባለ ወር ይሄዳል። አስማሚ ፊት ግን ከጠረጴዛው ማዶ የሚቀመጠው ሰው መወሰን የሚችል ነው።

ቀጠሮ ይዞ መቅረት ግን ያስከፍላል። ባለቤቱ ከቀረ፣ እንደገና ለመቀጠር ወጪውን እሱ ይችላል። ኩባንያው ከቀረ ደግሞ ባለቤቱ ለመምጣት ያወጣውን ይተካል።

ነፋስ ወይስ ውሃ?

ከአውሎ ነፋስ በኋላ የሚነሳው ትልቁ ክርክር ይህ ነው። መደበኛው የቤት ኢንሹራንስ የነፋስን ጉዳት ይሸፍናል። ነፋስ ጣሪያውን ከፍቶ በዚያ የገባውን ዝናብም ይሸፍናል። ጎርፍን ግን አይሸፍንም። ከባሕር ተነስቶ ሰፈሩን የሚያጥለቀልቀው ውሃም እንደ ጎርፍ ነው የሚቆጠረው፤ የገፋው ነፋስ ቢሆንም።

ጎርፍ የራሱ ኢንሹራንስ አለው። አሜሪካ ውስጥ አብዛኛው ሰው የሚገዛው በ1968 በተቋቋመው የፌዴራል የጎርፍ መድን ፕሮግራም በኩል ነው። የክፍለ ግዛቶቹ ማስማማት በዚህ ፕሮግራም ላይ አይሠራም። የጎርፍ ካሳ ሲከለከል አንዱ መንገድ የክልከላው ደብዳቤ ከተጻፈ በ60 ቀን ውስጥ ለፌዴራሉ የአደጋ መሥሪያ ቤት፣ ለፌማ፣ ይግባኝ ማለት ነው። ሁለቱን መንገዶች ያቀላቀለ ሰው የአንዱ ጊዜ ሊያልፍበት ይችላል።

ካትሪና ላይ ብዙ ሰው የተጎዳው እዚሁ ጋ ነው። ቤቱ የነበረበት ቦታ ላይ የቀረው ወለሉ ብቻ ነው። መጀመሪያ ነፋሱ አፈረሰው ወይስ ውሃው ወሰደው? ምስክር የለም። ብዙ ውሎች ውስጥ ደግሞ አንድ አስቸጋሪ አንቀጽ አለ። ሐሳቡ ሲቀለል እንዲህ ነው፦ የተሸፈነ እና ያልተሸፈነ ምክንያት አንድ ላይ ሆነው አንድን ጉዳት ካደረሱ፣ ያ ጉዳት አይከፈልም። ኩባንያዎች ይህን አንቀጽ ይዘው ይመጣሉ።

በማስማማት ጊዜ ይህን እንዴት ታነሱታላችሁ? ጉዳቱን በከፍታ በመክፈል። የውሃው መስመር ግድግዳው ላይ እስከ ጉልበት ድረስ ብቻ ከታየ፣ ከዚያ በላይ ያለው ጉዳት ከጎርፍ መጣ ለማለት ይከብዳል። የኮርኒሱ እርጥበት ከላይ ነው የመጣው። ግድግዳ ላይ ያለውን የውሃ መስመር ሜትር ለጥፋችሁ ፎቶ አንሱት። ከመታጠቡ በፊት። ይህ ፎቶ ከብዙ ገጽ ደብዳቤ ይበልጣል።

አንዳንድ ጉዳይ ደግሞ ወደ ማስማማት አይሄድም። በፍሎሪዳ ኩባንያው ማጭበርበር አለ ብሎ የሚጠረጥርበት በቂ ምክንያት ካለው አይሄድም። ሁለቱም ወገን በተስማሙበት የጉዳት ምክንያት ውሉ ጭራሽ የማይሸፍነው ከሆነም አይሄድም። ልዩነቱ ከ500 ዶላር በታች ከሆነ ካልተስማሙበት በቀር አይታይም። ባጭሩ፣ የማስማማት ዋና ቦታው «ይከፈላል፤ ግን ስንት?» የሚለው ክርክር ነው።

ሁለቱን ቁጥሮች እንፍታቸው

አሁን ወደ ፖስታው እንመለስ። አንድ ቤት በምሳሌ እንውሰድ። ፍሎሪዳ ውስጥ ነው፤ ባለቤቷ አንዲት ሴት ናት እንበል። ቤቱ በ300,000 ዶላር መድን ተገብቶለታል።

የኮንትራክተሩ ግምት እንዲህ ይላል። ጣሪያውን ሙሉ በሙሉ ለመቀየር 26,000። ለውስጥ ኮርኒስና ግድግዳ 9,000። ለአጥር 3,000። ለሸራውና ቤቱን ለማድረቅ 3,000። ድምሩ 41,000 ነው።

ኩባንያው የላከው የጉዳት ገማች ደግሞ ሌላ ጽፏል። ጣሪያው ይጠገናል እንጂ አይቀየርም፤ 4,500። የውስጥ ሥራ 6,000። አጥር ምንም። ሸራና ማድረቂያ 1,500። ድምሩ 12,000 ነው።

ታዲያ ቼኩ 3,500 የሆነው ለምንድን ነው? ሁለት ነገር ተቀንሷል። አንደኛው ተቀናሹ ነው፣ ብዙ ሰው ዲዳክቲብል የሚለው፤ ከጉዳቱ ላይ ባለቤቱ ራሱ የሚችለው ድርሻ ነው። በአውሎ ነፋስ ጊዜ ይህ ብዙውን ጊዜ የተወሰነ ብር ሳይሆን መቶኛ ነው። መቶኛው የሚሰላው ደግሞ ከጉዳቱ ላይ ሳይሆን ከቤቱ የመድን መጠን ላይ ነው። በእሷ ውል ሁለት በመቶ ነው እንበል፤ የ300,000 ሁለት በመቶ 6,000 ዶላር ነው። ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው ቼኩን ሲያይ ነው፤ ያማል። ሁለተኛው የእርጅና ቅናሽ ነው። ኩባንያው ዕቃው አርጅቷል ብሎ 2,500 ይዟል። ውሉ በአዲስ የመተካት ዋጋ የተገባ ከሆነ ግን ይህ ገንዘብ የቀረ አይደለም። ሥራው ተሠርቶ ደረሰኝ ሲቀርብ ይከፈላል። 12,000 ሲቀነስ 6,000 ሲቀነስ 2,500፣ ይኸው 3,500።

አሁን እዩት። ሴትዮዋ «37,500 ዶላር በላኝ» ብላ ነበር የተቆጣችው። ከዚያ ውስጥ 6,000ው በውሉ የራሷ ድርሻ ነው፤ ክርክር የለበትም። 2,500ው ዘግይቶ የሚመጣ ነው። እውነተኛው ክርክር 29,000 ነው። እሱም አንድ አይደለም። ጣሪያ 21,500፣ የውስጥ ሥራ 3,000፣ አጥር 3,000፣ ሸራና ማድረቂያ 1,500።

ይህን በአንድ ገጽ ጽፎ መሄድ ነው የቤት ሥራው። በግራ የእናንተ ቁጥር፣ በመሀል የኩባንያው፣ በቀኝ ልዩነቱ። በእያንዳንዱ መስመር ሥር ማስረጃው ምን እንደሆነ። ገማቹ የጻፈውን ሙሉ ዝርዝር ከኩባንያው ጠይቃችሁ ውሰዱ፤ ድምሩን ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። የውሉን ሙሉ ቅጂም እንዲሁ።

ከዚያ መስመር በመስመር ሂዱ። ሸራውና ማድረቂያው፦ ጉዳቱ እንዳይባባስ መከላከል በውሉ የባለቤቱ ግዴታ ነው፤ ስለዚህ ለዚህ የወጣ ተገቢ ወጪ ይተካል። እሷ ጋ የሁለት ድርጅት ደረሰኝ አለ፤ ኩባንያው ጋ የደረሰው አንዱ ብቻ ነው። ይህ ክርክር አይደለም፤ የጠፋ ወረቀት ነው። የውስጥ ሥራው፦ ገማቹ በመጣበት ቀን የኋለኛው መኝታ ቤት በሩ ተቆልፎ ነበር። ግምቱ ውስጥ ክፍሉ ጭራሽ የለም። የእርጥበት መለኪያ ንባብና ፎቶ አለ። አጥሩ፦ ከመውደቁ በፊትም ያረጀ ነበር፤ ከአደጋው በፊት የተነሳ ፎቶ የላትም። እዚህ ጋ ደካማ ናት፤ ደካማ መሆኗንም ማወቅ አለባት።

የቀረው ጣሪያው ነው። የጠቡ እምብርት እሱ ነው። ጥያቄው ይጠገናል ወይስ ይቀየራል? ነው። እዚህ «ጣሪያዬ አልቋል» ማለት አይረዳም። የጣሪያ ሠሪ የጽሑፍ ሪፖርት ያስፈልጋል። ስንት ሺንግል (የጣሪያው ክዳን ቁራጭ) ተነስቷል? በየትኛው ተዳፋት ላይ? ለመጠገን ጎረቤቱን ሺንግል ቀና ሲያደርጉት ይሰበራል ወይስ ይችላል? በእጅ ሲነሳ እየተሰበረ የሚሄድ ጣሪያ ይጠገናል ማለት ከባድ ነው። ይህን በቪዲዮ መቅረጽ ይቻላል፤ ጥቂት ሴኮንድ ይበቃል።

ደንብም አለ። በፍሎሪዳ የሕንፃ ደንብ ከአንድ የጣሪያ ክፍል ከ25 በመቶ በላይ በ12 ወር ውስጥ የሚጠገን ከሆነ፣ ያ ክፍል በሙሉ የጊዜውን ደንብ እንዲያሟላ ይጠየቃል። በ2022 ግን ተሻሽሏል። ጣሪያው በ2007ቱ ደንብ ወይም ከዚያ በኋላ በመጣው መሠረት የተሠራ ከሆነ፣ የሚጠገነው ክፍል ብቻ ደንቡን ቢያሟላ ይበቃል። ስለዚህ ጣሪያው የተሠራበት ፈቃድ መቼ እንደወጣ ማወቅ ብቻውን የብዙ ሺህ ዶላር ለውጥ ሊያመጣ ይችላል። ፈቃዱ ከከተማው ወይም ከካውንቲው የሕንፃ ክፍል ይገኛል። ውላችሁ በደንብ ለውጥ ምክንያት የሚመጣውን ተጨማሪ ወጪ ይሸፍን እንደሆነም አብራችሁ ተመልከቱ።

የዚያን ቀን

ስብሰባው በአካል ወይም በቪዲዮ ይሆናል። መጀመሪያ ሁሉም አንድ ላይ ይቀመጣል። አስማሚው ደንቡን ይናገራል። እዚያ የሚባለው ነገር ለስምምነት የተባለ ስለሆነ በኋላ ፍርድ ቤት ማስረጃ ሆኖ አይቀርብባችሁም። ይህ ነፃነት ይሰጣል። «በዚህ ልለቅ እችላለሁ» ብትሉ ነገ «ያን ጊዜ እኮ ተቀብለህ ነበር» የሚላችሁ የለም።

ቀጥሎ እያንዳንዱ ወገን ጉዳዩን ያስረዳል። ከዚያ ብዙ ጊዜ ለየብቻ መነጋገር ይመጣል። አስማሚው በተራ ከእናንተ ጋር፣ በተራ ከኩባንያው ሰው ጋር ይቀመጣል። ወሳኙ ነገር የሚያልቀው እዚህ ነው።

የእኛዋን ባለቤት እንያት። አስማሚው ለብቻዋ ጠየቃት።

«የአጥሩ ነገር እንዴት ነው የሚታይዎት?»

«አርጅቶ ነበር፤ አልዋሽም። ግን ቆሞ ነበር። የጣለው ነፋሱ ነው።»

ይህን በማለቷ ምንም አልከሰረችም። እንዲያውም ሰውየው ስለ ጣሪያው የምትለውን በሌላ ጆሮ መስማት ጀመረ። ደካማውን ነጥብ ደካማ ነው ማለት ጠንካራው ላይ ክብደት ይጨምራል። እኔ በዚህ በጣም አምናለሁ።

አስማሚው «ለመሆኑ ዝቅተኛው ቁጥርዎ ስንት ነው?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ከመሄዳችሁ በፊት መልሱን ለራሳችሁ ወስኑ። ለእሱ መንገር ግዴታ አይደለም። የምትነግሩትን «ይህ ወደዚያ አይሄድም» ብላችሁ መገደብ ትችላላችሁ።

ቁጡ ሆኖ መግባት ያለ ነገር ነው። ቤቱ የፈረሰበት ሰው እንዴት አይቆጣ? ግን ከማዶ ያለው ሰው ወደ ቢሮው ሲመለስ ፋይሉ ውስጥ የሚያስቀምጠው ምክንያት ያስፈልገዋል። «ሰውዬው ተቆጥቷል» ምክንያት አይሆንለትም። «የኋለኛው ክፍል አልተቆጠረም፤ ንባቡ ይኸው» ይሆንለታል። ተጨማሪ ለመክፈል የሚያበቃውን ወረቀት እናንተ ናችሁ የምትሰጡት።

ልፈርም ወይስ ልተው?

በምሳሌያችን ከብዙ ምልልስ በኋላ ኩባንያው እዚህ ደረሰ እንበል። ሸራና ማድረቂያ ሙሉ 3,000። የውስጥ ሥራ ሙሉ 9,000። አጥር 1,500። ጣሪያ 16,000። ድምር 29,500። ተቀናሹ ሲነሳ 23,500። ቀድሞ የተላከው 3,500 ሲነሳ፣ አዲስ የሚመጣው 20,000 ዶላር ነው። የእርጅና ቅናሽ ሳይያዝ፣ በአንድ ጊዜ።

ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ? ከ3,500 ጋር ሲተያይ ትልቅ ነው። ከሥራው ዋጋ ጋር ሲተያይ ግን ከራሷ ተቀናሽ ሌላ 11,500 ይጎድላታል። ጣሪያውን በርካሽ የሚሠራ ሌላ ሰው ታገኛለች? መጠበቅ ትችላለች? ልጆቹ የሚተኙት በየትኛው ክፍል ነው? ይህን ማንም ሊወስንላት አይችልም።

በሌላው ሚዛን ላይ ያለውንም ማየት አለባት። ፍሎሪዳ ውስጥ ድሮ ባለቤቱ ኩባንያውን ከረታ የጠበቃውን ክፍያ ኩባንያው ይከፍል ነበር። በዲሴምበር 2022 የወጣው ሕግ ይህን ለንብረት ኢንሹራንስ አስቀርቶታል። ስለዚህ ፍርድ ቤት ሄዶ መርታት ብቻ አይበቃም፤ ከረቱ በኋላ ኪስ ውስጥ የሚቀረው ይታሰብ። ዛሬ ማስማማቱ ከድሮው ይልቅ ክብደት ያገኘው በዚህ ምክንያት ነው ብዬ አስባለሁ።

አንድ ጥሩ መከላከያ አለ። በፍሎሪዳ ደንብ ባለቤቱ ከፈረመ በኋላ ሐሳቡን የሚቀይርበት 3 የሥራ ቀን ይሰጠዋል። ግን ልብ በሉ፤ በዚህ መሀል በስምምነቱ የተሰጠውን ቼክ ባንክ ካስገባ ወይም ከመነዘረ ይህ ዕድል ያልቃል። ቼክ በእጃችሁ ቢሰጣችሁ አንድ ሌሊት ተኝታችሁበት ተነሱ።

ከመፈረማችሁ በፊት ወረቀቱ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ፈልጉ። «ከዚህ በኋላ በዚህ አደጋ ምክንያት ምንም ጥያቄ አላነሳም» የሚል ዓይነት። ይህ የሚሸፍነው የተስማማችሁበትን ብቻ ነው ወይስ ሁሉንም? ጣሪያው ሲነሳ ከሥሩ የበሰበሰ እንጨት ቢገኝስ? ግድግዳው ሲከፈት ሻጋታ ቢገኝስ? ይህን እዚያው ጠይቁ። ለተደበቀ ጉዳት በሩ ክፍት እንዲቀር ከተስማማችሁ በጽሑፍ ይግባ። በቃል የተባለ ነገር አይቆጠርም።

ካልተስማማችሁስ?

ሁለት ሦስት መንገድ ይቀራል። አንዱ ውሉ ውስጥ ያለ አፕሬይዛል የሚባል አሠራር ነው። እያንዳንዱ ወገን የራሱን ገማች ይመርጣል፤ ሁለቱ ገማቾች ሦስተኛ ሰው ይመርጣሉ። ከሦስቱ ሁለቱ የተስማሙበት ቁጥር ያስራል። የራሳችሁን ገማች ትከፍላላችሁ፤ የሦስተኛውን ሰው ግማሽ ትጋራላችሁ። የሚወስነው ስለ ዋጋ ነው፤ ውሉ ይሸፍናል አይሸፍንም የሚለውን ለመፍታት የተሠራ አይደለም። ፍሎሪዳ ውስጥ ኩባንያው የማስማማት መብት እንዳለ ካላሳወቀ፣ ባለቤቱ አፕሬይዛል ውስጥ እንዲገባ ሊያስገድደው አይችልም።

ለባለቤቱ ብቻ የሚሠራ ፈቃድ ያለው ገማችም አለ። የሚከፈለው ከካሳው ላይ በመቶኛ ነው። ፍሎሪዳ ውስጥ አገረ ገዢው የአስቸኳይ ጊዜ ላወጀበት አደጋ በመጀመሪያው ዓመት ከ10 በመቶ በላይ መውሰድ አይችልም፤ በሌላ ጊዜ ከፍተኛው 20 በመቶ ነው። ጥሩ ገማች ዋጋውን ይመልሳል። በማዕበሉ ማግስት በር እያንኳኳ «ዛሬ ካልፈረምክ» የሚል ሰው ግን ይቅርባችሁ።

ጊዜውን ደግሞ አትርሱት። ፍሎሪዳ ውስጥ አዲስ የካሳ ጥያቄ ጉዳቱ ከደረሰ በ1 ዓመት ውስጥ፣ ተጨማሪ ጥያቄ በ18 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። በድርድር ላይ ነን ማለት ብቻውን ቀኑን አያቆመውም። ቀኑን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፉት።

የመጀመሪያውን ቼክስ? ኩባንያው እኔ የማምንበት ይህን ነው ብሎ የላከው ከሆነ፣ መቀበሉ አብዛኛውን ጊዜ ቀሪውን ከመጠየቅ አያግድም። ግን ቼኩ ላይ ወይም ደብዳቤው ላይ «የመጨረሻ ክፍያ» የሚል ወይም የሚመስል ቃል ካለ ሳትጠይቁ አታስገቡት።

ቤቱ የባንክ ዕዳ ካለበት ደግሞ አንድ ነገር ይጠብቃችኋል። ለቤቱ ማደሻ የሚመጣው ቼክ ብዙ ጊዜ በሁለት ስም ነው የሚጻፈው፤ በእናንተና በባንኩ። ባንኩ ካልፈረመ አይመነዘርም። አንዳንዱ ባንክ ገንዘቡን ይዞ ሥራው በሄደ ቁጥር እየከፋፈለ ይለቃል፤ መርማሪም ይልካል። ይህ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። ኮንትራክተሩ ደግሞ ቅድሚያ ክፍያ ይፈልጋል። ስለዚህ ገና አስማሚው ጋ ሳትሄዱ ለባንኩ ደውላችሁ የካሳ ቼክ የሚያስተናግደው ክፍል የትኛው እንደሆነ፣ ምን ወረቀት እንደሚጠይቅ ያዙ። ስምምነቱ ላይም ቼኩ በማን ስም እንደሚጻፍ፣ በስንት ቀን እንደሚላክ ይጻፍ።